በበሩ መቃን ላይ የተጻፈው ቁጥር

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በዚህ ገጽ ላይ ከለመዳችሁት የፖለቲካ ወግ ራቅ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ምርጫ የለበትም፤ ፓርቲ የለበትም፤ የሚወገዝም ሆነ የሚሞገስ ባለሥልጣን የለበትም። ይሁንና እስከ መጨረሻው ከተከተላችሁኝ፣ ነገሩ ዘወትር ከምንከራከርበት ጥያቄ እንደማይርቅ ትገነዘባላችሁ ብዬ አምናለሁ። ለሕዝብ አደገኛ የሆነ ነገር በእጁ የያዘ ወገን ጥበቃውን እንዲያጠናክር በሕግ ይገደድ? ወይስ ይመከር፣ ይታገዝ፣ ከዚያም ለበጎ ፈቃዱ ይተው? ዓለም ይህን ጥያቄ በሆስፒታሎች፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በፋብሪካዎች ውስጥ በሚገኙ ጨረራ አመንጪ ቁሶች ምክንያት ላለፉት አርባ ዓመታት ያህል ሲመላለስበት ኖሯል። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የፊዚክስ ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህ የሙያው ባለቤቶች ስሕተት ካገኙብኝ ቢያርሙኝ ደስ ይለኛል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመስከረም 2012 የአሜሪካ ኮንግረስ መርማሪ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት፣ የሀገሪቱ ሆስፒታሎች ጨረራ አመንጪ ቁሶቻቸውን ከስርቆት እንዴት እንደሚጠብቁ የፈተሸበትን ዘገባ አወጣ። መርማሪዎቹ ከጎበኟቸው ተቋማት በአንደኛው፣ ሲዚየም 137 የያዘው መሣሪያ የተቀመጠበት ክፍል በቁጥር በሚከፈት ቁልፍ የተዘጋ ነበር። ቁጥሩ ግን እዚያው በበሩ መቃን ላይ ተጽፎ ተገኘ። በሌላ ሆስፒታል ደግሞ መሣሪያው ጎማ ባለው መደብ ላይ እንደተቀመጠ፣ መኪና ዕቃ ከሚጭንበትና ከሚያራግፍበት በር ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ ቆሞ አገኙት።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ መሳቄን አልደብቅም። ከዚያ ቀና ስል፣ የቢሮዬ ኮምፒውተር የይለፍ ቃል በቢጫ ወረቀት ተጽፎ ከስክሪኑ ግርጌ ተለጥፎ አየሁት። የለጠፍኩት እኔው ነኝ።

ለመሆኑ ሆስፒታል ሲዚየምን ምን ያደርግበታል? ደም ከመሰጠቱ በፊት የመከላከል ዐቅማቸው ለደከመ ሕሙማን የሚሰጠው ከሆነ ጨረር ይመታል፤ ይህም በደሙ ውስጥ ያሉት ነጭ ሕዋሳት የተቀባዩን አካል እንዳያጠቁ ለማድረግ ነው። ለዚህ ተግባር ለአሥርተ ዓመታት ያገለገለው በወፍራም እርሳስ የተከበበ የሲዚየም መሣሪያ ነው። ካንሰርን ለማከም ደግሞ ኮባልት 60 የያዙ ማሽኖች በዓለም ዙሪያ ተሠራጭተዋል። ፋብሪካዎች የብየዳን ጥራት ይፈትሹበታል፤ ነዳጅ ፈላጊዎች ጉድጓድ ይመረምሩበታል። እነዚህ ቁሶች የኑክሌር ቦምብ አይሠሩም። ይሁንና ከመከለያቸው ከወጡ ይገድላሉ፤ ከተራ ፈንጂ ጋር ቢደባለቁ ደግሞ አንድን የከተማ ክፍል ለዓመታት ሰው የማይኖርበት ሊያደርጉት ይችላሉ። “ቆሻሻ ቦምብ” የሚሉት ይህንኑ ነው።

ታሪኩን ከብራዚል ልጀምር፤ ምክንያቱም ከጎያኒያ በፊት የነበረው ዓለምና ከጎያኒያ በኋላ የመጣው ዓለም በዚህ ጉዳይ አንድ አይደሉም።

ጎያኒያ የጎያስ ግዛት ዋና ከተማ ናት። በዚያች ከተማ የነበረ አንድ የግል የጨረር ሕክምና ተቋም በ1985 መጨረሻ ገደማ ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር፣ አሮጌውን የሲዚየም ማሽን እዚያው ትቶት ሄደ። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ የፈቃዱ ሕግ ያስገድደው ነበር፤ አላስታወቀም። ሕንፃው ከፊሉ ፈረሰ፤ ማሽኑም በፍርስራሽ መካከል ቀረ። በመስከረም 13 ቀን 1987 ሁለት ወጣቶች ገብተው የማሽኑን ራስ ፈቱና በእጅ ጋሪ ጭነው ወሰዱት። የፈለጉት ብረት ነበር። በእኛ ሀገር ቢሆን ቆራሌው የምንላቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ የዕለት እንጀራቸውን ከወዳደቀ ብረት የሚያገኙ።

ከወጣቶቹ አንዱ በጓሮው መሣሪያውን ሲታገል ቆይቶ ሲዚየሙ ያለበትን ዕቃ ቀደደው። ከቀናት በኋላ ለአንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ነጋዴው ማታ ወደ መጋዘኑ ሲሄድ ከብረቱ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ሲወጣ አየ። የከበረ ነገር መሰለው፤ እንዲያውም ከሰው በላይ የሆነ ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበ። ወደ ቤቱ አስገብቶ ዘመድ ወዳጁን ጠራና አሳየ፤ ፍርፋሪውንም አከፋፈለ። አንዳንዱ እንደ በዓል ማጌጫ ሰውነቱን ቀባው። የስድስት ዓመት ሕፃን በዱቄቱ ስትጫወት ቆይታ፣ እጇን ሳትታጠብ ምግቧን በላች። ይህ ሁሉ ጥፋት የመጣው አንዲት የቡና ስኒ ከማትሞላ፣ ክብደቷም መቶ ግራም ከማይደርስ የሲዚየም ክሎራይድ ዱቄት ነበር። ጨው መሰል ነው፤ በውኃ ይሟሟል፤ እንደ አቧራ ይበናል። ይህን ባሕርዩን አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሰዎቹ ማስመለስ፣ ማስቀመጥ፣ ቆዳቸው መላላጥ ጀመረ። ሐኪሞቹ የቆላ በሽታ ጠረጠሩ። ነገሩን ያወቀችው የነጋዴው ሚስት ናት። በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መታመሙን አስተውላ፣ ቅሪቱን በከረጢት አስይዛ በአውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ጤና ቢሮ አመጣችውና ሰዎቿን እየገደለ ያለው ይህ መሆኑን ተናገረች። የተማረ ሰው ሁሉ ያላየውን እርሷ አየች። በማግሥቱ የተጠራ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ ዩራኒየም ለመፈለግ የሚያገለግል መለኪያ ተውሶ ወደ ቢሮው ሲያመራ፣ መለኪያው ገና ከሩቅ እስከ ጣሪያው ወጣበት። ተበላሽቷል ብሎ ተመለሰና ሌላ አመጣ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። እስከዚያው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከረጢቱን አንሥተው ወንዝ ሊጥሉት ሲዘጋጁ፣ ደርሶ አስቆማቸው።

አራት ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃኗና ያቺ አስተዋይ ሴት በአንድ ቀን አረፉ። ከ112 ሺህ የሚበልጡ የከተማዋ ነዋሪዎች ተመረመሩ፤ በ249ኙ ላይ ብክለት ተገኘ። ቤቶች ፈረሱ፤ አፈር ተዛቀ፤ የተሰበሰበው ቆሻሻ 3,500 ሜትር ኩብ ያህል ሆነ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የቀብሩ ነገር ነው። የሕፃኗ አስከሬን በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ወደ መቃብር ሲወሰድ፣ ጨረሩ ምድራችንን ይበክላል ብለው የፈሩ ሰዎች መንገድ ዘግተው ድንጋይ ወረወሩ። የእኛ አባቶችና እናቶች ቀብር ላይ አለመገኘትን እንኳ እንደ ነውር ይቆጥሩታል። የዚያች ሕፃን ወላጆች ምን እንደተሰማቸው ለመገመት ድፍረቱ የለኝም።

ጎያኒያ ብቻዋን አልነበረችም። ከእርሷ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1983 በሜክሲኮዋ ሲዩዳድ ሁዋሬስ፣ አንድ ሆስፒታል ከአሜሪካ ገዝቶ ለዓመታት በመጋዘን ያስቀመጠው የኮባልት ማሽን በተቋሙ ሠራተኛ እጅ ወጥቶ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። ኮባልቱ ከሌላ ብረት ጋር ቀልጦ የቤት መሥሪያ ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆነ። የታወቀውም በጥበቃ ሥርዓት ሳይሆን በአጋጣሚ ነው፤ በጥር 1984 ያንን ፌሮ የጫነ መኪና በኒው ሜክሲኮ የሎስ አላሞስ የኑክሌር ምርምር ማዕከል አጠገብ ሲያልፍ የማዕከሉ የጨረር መቆጣጠሪያ ጮኸ። በዚያ ፌሮ የተሠሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች መፍረስ ነበረባቸው። በ2000 ደግሞ በታይላንድ ሳሙት ፕራካን ሦስት ሰዎች በተመሳሳይ መንገድ ሞቱ።

እንደ መምህርነቴ እጅግ የሚከነክነኝ ግን የ2010ሩ የዴልሂ ታሪክ ነው። የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ከ1985 ጀምሮ ያልተጠቀመበትን የጋማ ጨረር መሣሪያ፣ ከሌሎች አሮጌ ዕቃዎች ጋር በጨረታ ሸጠው። በውስጡ ኮባልት 60 መኖሩን ያስታወሰ አልነበረም። ማያፑሪ በተባለው የቁርጥራጭ ብረት ሠፈር ሠራተኞች ቆራረጡት፤ አንዱ ሞተ፤ ሌሎችም በጽኑ ታመሙ። ፕሮፌሰሮች የሞሉበት ግቢ ነው። መሣሪያውን ያስመጣው ሰው ጡረታ ወጣ፤ ተማሪዎቹ ተበተኑ፤ መዝገቡ አቧራ ጠጣ፤ የንብረት ክፍሉ “አገልግሎት የማይሰጥ ዕቃ” ብሎ ዘረዘረው። በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ የሠራ ሰው ይህን ሰንሰለት ያውቀዋል።

እስካሁን የጠቀስኳቸውን ስርቆቶች ልብ በሉ። ሌባው ድኻ ነው፤ የሚፈልገው ብረት ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ንብረቱን የረሳ ተቋም ነው። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ሽብርተኛ የለም። ሽብርተኛው የመጣው ቆይቶ ነው። በኅዳር 1995 ሻሚል ባሳየቭ የሚመራቸው የቼቼን ታጣቂዎች በሞስኮው ኢዝማይሎቮ መናፈሻ ሲዚየም 137 ቀብረው፣ ቦታውን ለቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ጠቆሙ። አልፈነዳም፤ ማንንም አልገደለም፤ መልእክቱ ግን ደረሰ። ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ ደግሞ ዋሽንግተንና ቪየና ስለዚህ ጉዳይ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ከሥሩ ተለወጠ። ቀድሞ “ደኅንነት” ሲባል ሠራተኛውንና ሕሙማኑን ከአደጋ መጠበቅ ማለት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁሱን ራሱን ከሰው እጅ መጠበቅ የሚል ሁለተኛ ትርጉም ተጨመረበት።

በመስከረም 2003 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የገዥዎች ቦርድ ጨረራ አመንጪ ምንጮችን ስለመጠበቅ የሚደነግግ የሥነ ምግባር ደንብ አጸደቀ። “የሚደነግግ” አልኩ እንጂ በእርግጥ አይደነግግም። ሰነዱ አስገዳጅ ስምምነት አይደለም። መንግሥታት ምንጮቻቸውን ይመዝግቡ ዘንድ “ይገባቸዋል”፤ ባለቤት አልባ የሆኑትን ይፈልጉ ዘንድ “ይገባቸዋል”፤ ወደ ሌላ ሀገር ከመላካቸው በፊት ተቀባዩን ያረጋግጡ ዘንድ “ይገባቸዋል”። “ግዴታ አለባቸው” የሚል ቃል አታገኙበትም። ቁሶቹን እንደ አደገኛነታቸው በአምስት ደረጃ የሚከፍለው ሥርዓትም ከዚሁ ደንብ ጋር የተያያዘ ነው፤ አንደኛው ደረጃ ያለ መከለያ አጠገቡ የቆመን ሰው ከጥቂት ደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ የሚገድል ነው። ከ140 በላይ ሀገሮች ደንቡን እንደሚከተሉ ለኤጀንሲው በጽሑፍ አስታውቀዋል። የማያከብር ሀገር የሚጠየቅበት መድረክ ግን የለም። በ2014 በሄግ በተካሄደው የኑክሌር ደኅንነት ጉባኤም ከሃያ በላይ ሀገሮች እጅግ አደገኛ የሆኑትን ቁሶቻቸውን በሁለት ዓመት ውስጥ አስተማማኝ ለማድረግ ቃል ሲገቡ፣ ዲፕሎማቶቹ ለእንዲህ ዓይነቱ ቃል ኪዳን ያወጡለት ስም “የስጦታ ቅርጫት” የሚል ነበር። ስጦታ ደግሞ አይከሰስም።

አሁን ወደ በሩ መቃን ልመለስ፤ በበጎ ፈቃድ የሚደረግ ጥበቃ ምን ማለት እንደሆነ ከሁሉ በላይ የሚታየው በአሜሪካ ነውና።

በአሜሪካ ሁለት መሥሪያ ቤቶች አሉ። የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ ፈቃድ ይሰጣል፣ ዝቅተኛውን የጥበቃ ግዴታም ይደነግጋል። በ2005 ያወጣው ትእዛዝ፣ በኋላም በ2013 በቋሚ ደንብነት የወጣው፣ ቁሱ ያለበት ቦታ ያለ አጃቢ የሚገባ ሰው ታማኝነቱ እንዲጣራ፣ ያልተፈቀደለት ሰው ሲገባ እንዲታወቅና ፖሊስ እንዲደርስ ይጠይቃል። በምን ዓይነት ቁልፍ፣ በስንት ካሜራ፣ በየትኛው የማንቂያ ደወል የሚለውን ግን ለሆስፒታሉ ይተወዋል። ሁለተኛው በኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር ያለው ብሔራዊ የኑክሌር ደኅንነት አስተዳደር ነው። ይህኛው የማስገደድ ሥልጣን የለውም፤ ገንዘብና ዕውቀት ግን አለው። ስለዚህ ወደ ሆስፒታሎች እየሄደ፣ ከሕጉ በላይ የሆነ ጥበቃ በነፃ እንግጠምላችሁ ይላል። ለመሣሪያው ፈልቅቆ ለማውጣት የሚሞክረውን ሰው የሚያዘገይ ተጨማሪ ብረት፣ ለበሩ በጣት አሻራ የሚከፈት ቁልፍ፣ መከለያው ሲነካ በቀጥታ ለፖሊስ የሚደርስ ማንቂያ። የሆስፒታሉን ጥበቃና የአካባቢውን ፖሊስም በቴነሲ ኦክ ሪጅ ወስዶ ያሠለጥናል። የመጀመሪያዎቹን ከሦስት እስከ አምስት ዓመታት የጥገና ወጪ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ወጪው የሆስፒታሉ ነው።

ሐሳቡ መልካም ነው። እኔ የመንግሥትን ግዴታ የምወድ ሰው ብሆንም፣ እዚህ ላይ የበጎ ፈቃድ መንገድ ያለውን ጥቅም መካድ አልችልም። የደም ባንክ ኃላፊ የሕክምና ሰው እንጂ የጸጥታ ሰው አይደለችም። ተቆጣጣሪ ሲመጣባት የምታስበው ጉድለቷን ስለመሸፈን ነው፤ ረዳት ሲመጣላት ግን የሚያሰጋትን በር ራሷ ታሳየዋለች።

ቁጥሮቹስ? በ2012ቱ ዘገባ መሠረት አስተዳደሩ እስከዚያ ዓመት መጋቢት ድረስ 105 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ያዳረሰው ከ1,503 ሆስፒታሎችና የሕክምና ተቋማት 321ዱን ነበር። ቀሪውን እስከ 2025 ለመጨረስ ታቅዶ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ሽብርተኛው ለአሥራ ሦስት ዓመታት ተራውን ጠብቆ እንዲቆም ተስፋ ተደርጎ ነበር ማለት ነው። 14 ተቋማት ደግሞ ጭራሽ አንፈልግም አሉ። በእነርሱ እጅ ያለው ቁስ በድምሩ ከ41 ሺህ ኩሪ ይበልጥ ነበር። የጎያኒያው ምንጭ ወደ 1,400 ኩሪ የሚጠጋ እንደነበር አስታውሱና አስሉት። በአንድ ትልቅ ከተማ ፖሊስ ራሱ “ከፍተኛ ሥጋት አለበት” ብሎ የፈረጀው ሆስፒታል ሳይቀር ስጦታውን መልሷል፤ ሕጉ ይህን ሁሉ አላለኝምና።

ለምን እምቢ ይባላል? ነፃ ነገር እምቢ የሚል ሰው ሞኝ ይመስላል፤ ሞኝ ግን አይደለም። ካሜራው ዛሬ በነፃ ይተከላል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ያ ገንዘብ ከየትኛው ክፍል በጀት ይቀነሳል? የሆስፒታል አስተዳዳሪ በዓመቱ መጨረሻ የሚጠየቀው ስላዳናቸው ሕሙማንና ስለ ሒሳብ ሚዛኑ ነው፤ ስላልተሰረቀ ነገር ጠይቆት የሚያውቅ የለም። በጎ ፈቃድ የሚሸከመው ይህን ያህል ብቻ ነው። ቁሱ ቢሰረቅ የሚጎዳው ከተማው ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ የጥገናውን ሒሳብ የሚከፍለው ሆስፒታሉ ብቻ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ አቋሜን ሳልሸሽግ ልናገር፦ መጀመሪያውን በበጎ ፈቃድ መጀመር ብልኅነት ነው፤ እምቢ ያሉትን አሥራ አራቱን ግን በበጎ ፈቃድ መጠበቅ የመንግሥትን ሥራ ለጎረቤት መተው ነው።

የሕጉም ወገን ቢሆን ቀዳዳ ነበረው። በ2007 እነዚሁ የኮንግረስ መርማሪዎች የሌለ ኩባንያ በወረቀት ላይ አቋቁመው፣ ጨረራ አመንጪ ቁስ የመያዝ እውነተኛ ፈቃድ ከኮሚሽኑ እጅ አውጥተዋል። ፈቃድ ሰጪው ኩባንያው በእርግጥ መኖሩን ሄዶ አላየም። ስለዚህ “ግዴታ ይሁን” ማለት ብቻውን በቂ ነው እያልኩ አይደለም።

ከቁልፍና ከካሜራ የሚሻል መንገድ አለ፤ ቁሱን ጨርሶ ማስወገድ። ደም በኤክስሬይም ሊመታ ይችላል፤ የኤክስሬይ ማሽን ደግሞ ሶኬቱ ሲነቀል ተራ ብረት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2008 የሲዚየም ክሎራይድ መሣሪያዎች በሌላ እንዲተኩ መክሮ ነበር፤ ቅድም አስታውሱልኝ ያልኳችሁ የዱቄትነት ባሕርይ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ ግን አልከለከለም። ፈረንሳይና ኖርዌይ የደም መሣሪያዎቻቸውን በኤክስሬይ ተክተው ጨረሱ። አሜሪካ አሁንም የበጎ ፈቃድን መንገድ መረጠች፤ ከ2014 ወዲህ አስተዳደሩ ሲዚየሙን ለሚያስረክብ ሆስፒታል አሮጌውን በነፃ ያነሣለታል፣ የአዲሱንም ዋጋ እስከ ግማሽ ይደግፈዋል። በ2018 ኮንግረሱ የሲዚየም የደም መሣሪያዎች እስከ 2027 መጨረሻ እንዲወገዱ ግብ አስቀመጠ፤ ተሳትፎው ግን በሕጉ ቃል በፈቃደኝነት ነው። በመቶ የሚቆጠሩ መሣሪያዎች በዚህ መንገድ ተነሥተዋል። ለማመስገን የሚገባ ሥራ ነው።

በጎ ሥራ ከፈተና አያመልጥምና፣ በግንቦት 2019 በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሕንፃ ውስጥ ይህንኑ ዓይነት መሣሪያ ለማንሣት የመጡ ባለሙያዎች የሲዚየሙን ማቀፊያ በስሕተት ቆረጡት። አሥራ ሦስት ሰዎች ተበከሉ፤ ሕንፃው ለዓመታት ተዘጋ። አንድም ሌባ ሳይገባ።

ወደ እኛ አካባቢ ስመጣ፣ በመጀመሪያ ሞሱል ትታወሰኛለች። ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሰየመው ቡድን ከተማዋን በ2014 ሲይዝ፣ የካንሰር ማከሚያ የኮባልት ማሽኖች በእጁ ወደቁ። የሚያውቁ መንግሥታትና ተመራማሪዎች ዝም አሉ፤ ቡድኑ ምን እንደያዘ እንዳይነቃ። በ2017 ከተማዋ ስትለቀቅ ምንጮቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም ነበር። በሰላም ጊዜ የተሠራ ማንኛውም የጥበቃ ዕቅድ፣ ፖሊሱ ራሱ የሸሸበትን ቀን አያስብም። ጦርነት የማያጣው አካባቢ ተወላጅ ይህን በቀላሉ ማለፍ አይችልም።

በሀገራችንም የካንሰር የጨረር ሕክምና ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የቆመው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በነበረው የኮባልት ማሽን ላይ ነበር። ከክፍለ ሀገር መጥተው ወራቸውን ጠብቀው የታከሙትን፣ ሳይደርሳቸው የቀሩትንም ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን። ስለዚህ “ኮባልት አደገኛ ነውና ይወገድ” የሚለውን የሀብታም ሀገር ምክር ስሰማ ልቤ በሁለት ይከፈላል። ኮባልትን የሚተካው ሊኒየር አክስለሬተር የማይቆራረጥ መብራት፣ የሚጠግነው መሐንዲስና ውድ መለዋወጫ ይፈልጋል። ኮባልት መብራት ሲጠፋም ኮባልት ነው፤ በየአምስት ዓመቱ ኃይሉ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ። ሀገራችን የጨረራ መከላከያ አዋጅና ተቆጣጣሪ አላት፤ ይህም ደግ ነው። ነገር ግን ኃይሉ ያለቀበት ምንጭ ወደ አምራቹ የሚመለስበት ወጪ ከመጀመሪያው የግዢ ውል ውስጥ ካልገባ፣ አዋጁ የሚጠብቀው ከመጋዘን ጥግ የተቀመጠ እርሳስ ይሆናል። አሜሪካኖች እንኳ ባለቤቶቹ የማይፈልጓቸውን ከ40 ሺህ በላይ ምንጮች ለመሰብሰብ በሎስ አላሞስ የሚመራ የተለየ ፕሮግራም አስፈልጓቸዋል። ሁዋሬስም፣ ጎያኒያም፣ ዴልሂም የተጀመሩት ከዚያ ጥግ ነው። ከ2001 በኋላ የመጣው ገንዘብ አብዛኛው የሄደው ግን ወደ ካሜራው ነው።

ይህን ሁሉ የማነብበው ለጽሑፍ ብቻ እንዳልሆነ ልናዘዝ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ኮሌጅ ወጣት አስተማሪ ሳለሁ፣ የአፈር ጥናት የሚያስተምር ባልደረባዬ አንድ ቀን ወደ ቤተ ሙከራው ወሰደኝ። በቁም ሣጥን ውስጥ ቢጫ ሣጥን ነበር፤ የአፈር እርጥበት መለኪያ ነው አለኝ። በላዩ ላይ ያ የታወቀው ባለሦስት ክንፍ ምልክት ተለጥፏል። ውስጡ አሜሪሲየም እንዳለበት ነገረኝ። ከአምስቱ ደረጃዎች በታችኛዎቹ የሚመደብ ነው፤ ከተማ አያጠፋም። መሣሪያው ከእርዳታ ድርጅት የመጣ ሲሆን፣ ፕሮጀክቱ ካለቀ ወዲህ ማንም አልተጠቀመበትም። ቁም ሣጥኑ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ ከቁም ሣጥኑ ጎን በሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ያን ጊዜ ሁለታችንም ምንም አልታየንም። ቁልፍ የሚንጠለጠለው በሚስማር ላይ ነዋ።

ባለፈው ዓመት ለፈተና ጉዳይ ወደዚያው ኮሌጅ የመሄድ ዕድል ገጠመኝ። ቤተ ሙከራው ታድሶ የኮምፒውተር ክፍል ሆኗል። ባልደረባዬ ከሀገር ከወጣ ቆይቷል። የቤተ ሙከራው ረዳት ጡረታ ወጥተዋል። የንብረት ክፍሉን ስጠይቅ፣ የአሮጌው ክፍል ዕቃ ከፊሉ ወደ መጋዘን እንደገባ፣ ከፊሉም በጨረታ እንደተወገደ ነገሩኝ፤ ስለ ቢጫው ሣጥን ግን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። የመሣሪያውን ዓይነት፣ ቁም ሣጥኑ የነበረበትን ጥግና የማስታውሰውን ዓመት ዘርዝሬ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አንዱን ቅጂ ለኮሌጁ፣ ሌላውን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስገባሁ። የገቢ ማኅተም የተመታበት የራሴ ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። መልስ እየጠበቅኩ ነው።